መዝገቡ ላይ የለም

ሰኞ ማታ ነበር። መብራት ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ሲመጣበት
ኮምፒውተሬ፣ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጭ ፊደል ወጥቶበት
ደርቆ ቀረ።
የደብረ ብርሃን የጥቅምት ውርጭ
እንኳን ለሰው ለዕቃም አይመለስ።

ምትኩን ጠራሁት፤ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ
ሞባይል የሚጠግነውን። ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቦ፣
ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ ገባ።
«ጋሼ፣ ፎርማት ነው» አለኝ እንደ ሐኪም፣ ዐይኔን ሳያይ፤
«ፋይልዎን አተርፋለሁ። በፕሮግራሞቹ ላይ
ቃል አልገባም።»

ረቡዕ መለሰልኝ፤
እንደ ምልምል ወታደር ጠጉሩን ተላጭቶ፣
ያለፈውን ሁሉ ከደጅ አራግፎ ገብቶ።
ወለል ያለ ሜዳ፤ ጥግ ላይ አንዲት ቅርጫት፣ ባዶ።
የታል የግዕዝ መጻፊያዬ?
የታል የዕድሩን መዋጮ የሚደምርልኝ?
እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የማመሽበት ካርታዬስ?
ደብዳቤዎቼን ከፈትሁ፣ የሃያ ዓመት ላቤን፤
የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ጠበቀኝ፣ ባናቱ
ነጥብ የደፋ፣ ቀንድ ያበቀለ፣
አንዱ ከአንዱ ጋር የማይተዋወቅ።
የገዛ እጄ ጽሑፍ «ማን ነህ?» አለኝ።

ምትኩ ጎንበስ ብሎ አንድ አቃፊ ከፈተ።
«ይኸው፣ አሮጌው ዊንዶውስ እዚህ አለ፤ ሁሉም አሉ።»
ሁለቴ ጠቅ። ዝም። ሁለቴ ጠቅ። ዝም።
«አሉ?»
«አሉ።»
«ታዲያ ምነው አይነሡ?»
«አዲሱ አያውቃቸውም፣ ጋሼ፤ መዝገቡ ላይ የሉም።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ከዚያ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነው መዝገብ ቤት ያረጀሁት፤
በዚያች ጠባብ መስኮት ስንቱን ሰው መለስሁት!
ከሰላ ድንጋይ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ
አራት ጊዜ በሌሊት መኪና እየመጡ ለፉ።
«መሬቱ አለ፤ ገብሱ አለ፤ ድንበሩ ላይ ጽዱ አለ፣
በአባቴ እጅ የተተከለ።»
እኔም መነጽሬን ዝቅ፣ ገጹን በምራቄ ገለጥ፦
«ይኖር ይሆናል፣ እማማ። መዝገቡ ላይ የለም።»
ጣሪያችን እንደሚያፈስስ አልነገርኋቸውም።
ገጹን ዝናብ እንደበላው አልነገርኋቸውም።
እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ፤
እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸ ነው ጉዱ።

«ሲዲው ካለ» ይለኛል ምትኩ፣ ቀና ሳይል።
ከመሳቢያው ሥር፣ ከሞተ ባትሪና ከጡረታ ደብተሬ መካከል
አገኘሁት። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት።
ጭረቱ የዕድሜ ነው፣ እንደኔ።

ሲጫን፣ መስመሩ እንደ ጉንዳን ሲያዘግም፣ ጠየቅሁት፦
«ምትኩ ማን ብሎህ ነው?»
«እናቴ። ከእኔ በፊት አንድ ነበረ።»
«ስሙስ?»
«እንጃ። ቤታችን አይነሣም።»
መስመሩ ዘጠና ላይ ቆመ፤ እኛም ዝም አልን።

የመጣው መጣ። ካርታው መጣ፣ ያሸነፍሁትን ሁሉ ረስቶ።
የዕድሩ ግን ቀረ፤ የሠራው ልጅ ናዝሬት ገብቷል አሉ፣
ስልኩም አይነሣ፤
እንደ ጥንቱ በደብተር እደምራለሁ፣ በጣቴ ቆጥሬ።

ፊደሉ ተመለሰ።
ቀንዱ ረገፈ፤ ሀም ሀ ሆነ፣ ለም ለ።
አንዲት ደብዳቤ ተከፈተች፣ ከቢሮ በፍላሽ ያመጣኋት፣
ቁጥር የላት፣ ፊርማ የላት፦
«ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ወርቅያንጥፉ ይዞታ እንዲጣራ ስለመጠየቅ»
ከዚያ በታች ነጭ።

«ባዶ ናት፣ ጋሼ፤ ላጥፋት?»
«ተዋት።»

ሒሳቡን ተቀብሎ ውርጩ ውስጥ ገባ።
ጠቋሚዋ ከ«ጉዳዩ» ሥር ብልጭ ትላለች፣ ጥፍት።
ይኖሩ ይሆን? ጽዱስ?
ጣቶቼን በትንፋሼ አሞቅሁ።